ቫራናሲ የሚነድ አስከሬን ብቻ አይደለችም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በጉዞ ገጻችሁ ላይ ስለ ህንዷ ቫራናሲ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ከጽሑፉ በላይ የከነከነኝ ፎቶው ነው። ጭንቅላቱን የተላጨና ነጭ ጨርቅ ያገለደመ ወጣት ከሚነድ የእንጨት ክምር ፊት ቆሟል። ፊቱ ጥርት ብሎ ይታያል። በዚያ ሥርዓት ራሱን ተላጭቶ እሳቱን የሚለኩሰው ብዙ ጊዜ የሟች ልጅ ነው። እናንተ ያተማችሁት አባቱን ወይም እናቱን የሚሸኝ ሰው ፊት ነው። በቦታው ደግሞ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ጽሑፉ ራሱ «የሞት ከተማ» ብሎ ጀመረ። ጭሱን፣ ሽታውን፣ ቆሻሻውን አወራና አበቃ። ይሄ የእናንተ ጋዜጣ ችግር ብቻ አይደለም። ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ በአማርኛ የሚለቀቁት ቪዲዮዎችም ያው ናቸው። እሳት፣ አስከሬን፣ «ጉድ እዩ»። ከተማዋን አይቻታለሁና እንዲህ ስትነሳ ያመኛል።

ወንድሜ ለሕክምና ዴልሂ በሄደ ጊዜ አስታማሚው እኔ ነበርኩ። እሱ እያገገመ የክትትል ቀጠሮ ስንጠብቅ ነው ባቡር ይዤ ወደ ቫራናሲ የወረድኩት። በፈጣኑ ባቡር ከዴልሂ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሙያዬ የሀገር ልብስ ነው። ጥለት ስመርጥ፣ ከሸማኔ ጋር ስከራከር ነው ዕድሜዬ ያለፈው። የሳበኝም የሐር ሽመናዋ ነበር። ህንድ ለሕክምና፣ ለትምህርት፣ ለንግድ የሚመላለሰው ወገናችን ብዙ ስለሆነ ያየሁትን መጻፍ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ከተማዋ ኡታር ፕራዴሽ በሚባለው ግዛት፣ ጋንጀስ ወንዝ ዳር ናት። ነዋሪው ባናራስ ይላታል። ለጸሎት የመጣው ካሺ ይላታል። ቫራናሲ የሚለው ስም በመንግሥት የጸደቀው በ1956 ነው። ሦስቱም አንድ ቦታ ነውና ግራ አትጋቡ። ወንዙ ረጅሙን መንገድ ወደ ምሥራቅ ሲፈስ ይመጣና እዚህ ሲደርስ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ቤቱም መቅደሱም የተደረደረው በምዕራቡ ዳር ብቻ ነው። ማዶው ባዶ አሸዋ ነው። ስለዚህ ንጋት ላይ ደረጃው ላይ የቆመ ሰው ፊት ለፊቱ ፀሐይ ስትወጣ ያያል። የሚጋርድ ነገር የለም። ሰው ሁሉ ውኃው ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ፣ በእፍኙ ውኃ ቀድቶ፣ ወደ ፀሐይ መልሶ ሲያፈስ ታያላችሁ። ሽማግሌው፣ ሙሽራዋ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ከሩቅ ገጠር በአውቶቡስ የመጡ ባልቴቶች፣ ሁሉም።

ወደ ወንዙ የሚወርዱት የድንጋይ ደረጃዎች «ጋት» ይባላሉ። 84 ናቸው። አስከሬን የሚቃጠለው በሁለቱ ብቻ ነው፤ በማኒካርኒካና በሃሪሽቻንድራ። ከደቡብ ጫፍ ከአሲ ጋት ተነስታችሁ በእግር ወደ ሰሜን ብትሄዱ በቀሩት የምታዩት ሌላ ሕይወት ነው። ልጆች ደረጃው ላይ ክሪኬት ይጫወታሉ። ልብስ አጣቢዎች ጨርቅ ከድንጋይ ጋር ያላጋሉ። ጎሾች ውኃ ውስጥ ተኝተዋል። ተማሪ ደብተሩን ይዞ ያነበንባል። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን መሬት ላይ አስቀምጦ ይላጫል። ጽሑፋችሁ ከ84ቱ ሁለቱን ወስዶ ከተማ አደረጋቸው።

እሳቱን ግን አልዘለውም። ማንም እዚያ ሄዶ ሊዘለው አይችልም። ማኒካርኒካ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ሂንዱዎች በካሺ የሞተ ሰው ከመወለድና ከመሞት ዑደት ይገላገላል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ለመሞት ብለው የሚመጡ አሉ። የሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎችን ከነቤተሰባቸው የሚያስጠጉ ቤቶችም አሉ። አስከሬኑ በሚያብረቀርቅ ጨርቅ ተገንዞ፣ የቀርከሃ ቃሬዛ ላይ ሆኖ በጠባቡ መንገድ ያልፋል። ተሸካሚዎቹ «ራም ናም ሳትያ ሄ» እያሉ ይዘልቃሉ፤ የራም (የሂንዱ አምላክ ነው) ስም እውነት ነው ማለት ነው። ሻይ የሚጠጣው ሰው እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ያሳልፋቸዋል። ወንዙ ውስጥ ነከር ያደርጉታል። ከዚያ ወደ እንጨቱ። እንጨቱ በትልቅ ሚዛን ተመዝኖ ነው የሚሸጠው፤ የሰንደል እንጨት ውድ ስለሆነ አቅም ያለው ብቻ ይገዛዋል። እሳቱን የሚጠብቁትና የሚሰጡት ዶም የሚባሉ ማኅበረሰብ ናቸው። በዘር ደረጃው ከታች ተደርገው የሚታዩ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ያለ እነሱ እሳት ማንም፣ ባለጸጋም ቢሆን፣ አይሸኝም። ይሄ ነገር ረጅም ጊዜ አሳሰበኝ።

ቃጠሎው ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለቅሶ አይሰማም። እንባ ነፍስን ያውካል ብለው ስለሚያምኑ ይታገሳሉ። መጨረሻ ላይ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ውኃ የሞላ ገንቦ በትከሻው ላይ ወደ ፍሙ ይወረውራል። ከዚያ ዞር ብሎ ሳያይ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ያየሁት ጀልባ ላይ ሆኜ፣ ራቅ ብዬ፣ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነው። አጠገባችን የቆመ ሌላ ጀልባ ላይ ግን የቱሪስቶች ስልክ በሙሉ ተደግኖ ነበር። አንዱማ ከእሳቱ ጋር ራሱን ያነሳል። እስቲ እኛ ጋ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የማናውቀው እንግዳ ገብቶ የሟች ልጅ ፊት ላይ ካሜራ ቢደግን ምን እንለዋለን? እዚያ ያሉትም ሰዎች ሐዘን ላይ ናቸው። ዝም ማለታቸው ፈቃድ መስጠት አይደለም።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ቆመው የሚያዩ የውጭ ሰዎች ጋ ቀረብ ብሎ ሥርዓቱን የሚያብራራ ሰው አይጠፋም። እኔንም አንዱ ሳልጠይቀው አብራራልኝ። ሲጨርስ ለድሆች ማገዶ መግዣ ብሎ በሺህ የሚቆጠር ሩፒ ጠየቀኝ። እምቢ ስለው ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ኃጢአት ነው አለኝ። ክፈሉና ፎቶ አስነሳችኋለሁ የሚሉም አሉ። የዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ወደ ድሃ ማገዶ አይሄድም። «አመሰግናለሁ» ብሎ መሄድ ነው። የከተማው ሰው ራሱ በእነዚህ ሰዎች ያዝናል።

አሁን ወደ ሄድኩበት ጉዳይ ልምጣ። የባናራስ ሐር ሸማኔዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ አንሳሪ የሚባሉት። ማዳንፑራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ በጠባቡ መንገድ ስትሄዱ ከየቤቱ ምድር ቤት የሽመናው ዕቃ ድምፅ ይሰማል፤ ጣ-ጣ፣ ጣ-ጣ። ይህ ሰፈር የሂንዱ ሙሽሮችን ልብስ ይሠራል። እንዲህ ሲደረግ ዘመናት አልፈዋል። አንድ አዛውንት ሸማኔ ቤታቸው አስገቡኝ። እንግሊዝኛ የሚያስተረጉመን የልጅ ልጃቸው ነበር።

ልክ እንደ እኛ ሸማኔ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አውርደው ነው የሚቀመጡት። ይህን ሳይ ደነገጥኩ፣ ደስም አለኝ። ልዩነቱ ከላይ ነው። ከጣራው ሥር የተበሳሱ ካርቶኖች በሰንሰለት ተያይዘው ተንጠልጥለዋል። መርገጫውን በረገጡ ቁጥር አንድ ካርቶን ወደፊት ይዞራል። ቀዳዳው የትኛው የድር ክር ብድግ እንደሚል፣ የትኛው እንደሚቀር ይወስናል። አንድ ካርቶን አንድ የማግ መስመር ማለት ነው። አንዲት ማንጎ የምትመስል ጥለት ለመጨረስ ስንት ካርቶን እንደሚያልፍ አስቡት። ሰውየው ግን ካርቶኑን አያዩም። እጃቸው የወርቁ ክር ላይ ነው።

የማይሸወድ ሰው ጨርቁን ገልብጦ ነው የሚያየው። የልጅ ልጃቸው አንዱን ሳሪ፣ የህንድ ሴቶች ሰውነታቸው ላይ የሚጠቀልሉትን ረጅም ጨርቅ፣ ገለበጠልኝ። በአንደኛው አሠራር የወርቁ ክር ከዳር እስከ ዳር ይወረወራል፤ ከአበባው ውጭ ያለው ከጀርባ ተንጠልጥሎ ይቀርና በኋላ በመቀስ ይከረከማል። ጀርባውን ስትዳብሱት ይሻክራል፣ የተቆረጠው ጫፍ ይታያል። በሌላው፣ ካዱዋ በሚባለው፣ እያንዳንዷ አበባ ለብቻዋ በትንሽ ቀሰም ትሠራለች። ከጀርባ የተንጠለጠለ ክር የለም። ፊቱና ጀርባው ሊለይ ምንም አይቀረው። እንዲህ ያለው ሳሪ እንደ ጥለቱ ብዛት ከሳምንታት እስከ ወራት ይወስዳል። ጨርቁ ወደ ስድስት ሜትር ይጠጋል። የወርቁ ክር ዱሮ ወርቅ የተለበጠ የብር ክር ነበር። ዛሬ ብዙው መዳብ ወይም ፕላስቲክ ነው። አዛውንቱ ይህንን ሳይደብቁ ነው የነገሩኝ።

ችግራቸው ማሽኑ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማሽን ያንኑ ጥለት በጥቂት ሰዓት ያወጣዋል። ገዢው አይለየውም። ከ2009 ጀምሮ የባናራስ ሳሪና ብሮኬድ (ጥለት የገባበት የሐር ጨርቅ) በሕግ የተጠበቀ ስም ሆኗል። በአካባቢው ካልተሠራ በዚያ ስም መሸጥ አይቻልም። ቢሆንም ሱቁ በማስመሰያ የተሞላ ነው። የልጅ ልጃቸውም ሽመናውን አልተማረም፤ ኮምፒዩተር ነው የሚያጠናው። እኔም የማውቃቸው ሸማኔዎች ልጆች እንዲሁ ስለሆኑ ምንም ማለት አልቻልኩም። እዚያ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ እዚህ አውጡ። ባለ ሦስት እግሩ ታክሲ ሹፌር «ጥሩ ሱቅ አውቃለሁ» ሲላችሁ ከሱቁ ኮሚሽን ስላለው ነው። በእግራችሁ ሰፈሩ ግቡ፣ ዕቃው ላይ ያለውን ሰው እዩት፣ ጨርቁን ገልብጡት።

የ15ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ካቢር ከዚሁ ከሸማኔ ሰፈር ነው የወጣው። የሙስሊም ሸማኔ ቤተሰብ ያሳደገው ሰው ነው። ቤተ መቅደሱንም መስጊዱንም በግጥም ይሞግት ነበር። ካሺ የሞተ ሁሉ ይድናል፣ ማግሃር የሚባለው መንደር የሞተ ግን ይጠፋል ይባል ስለነበር፣ በእርጅናው ሆን ብሎ ማግሃር ሄዶ ሞተ ይላሉ። ከተማዋ በዚህ አልተቀየመችውም። ዛሬም ሰፈር በስሙ ይጠራል።

ቢስሚላህ ካንም አሉ። ሸህናይ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ዓለም ያወቀው በእሳቸው ነው። አጥባቂ ሙስሊም ነበሩ። ግን ሺቫ በሚባለው የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስና በወንዙ ዳር እየተጫወቱ ነው የኖሩት። በ2001 የሀገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት፣ ባራት ራትናን ተቀበሉ። በ2006 እዚያው አረፉ። ሲታር በሚባለው የክር መሣሪያ የታወቀው ራቪ ሻንካርም በ1920 የተወለደው እዚህ ነው። ዩኔስኮ በ2015 ቫራናሲን በሙዚቃ ከተሞች መዝገብ ያስገባት ያለ ምክንያት አይደለም። በሚያዝያ አካባቢ የምትሄዱ ከሆነ የሳንካት ሞቻን ቤተ መቅደስ የሙዚቃ ሌሊቶች እንዳያመልጧችሁ። ታላላቆቹ ባለሙያዎች ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታሉ፣ መግቢያ አይከፈልም።

ስለ ቆሻሻው ጽሑፋችሁ እውነት ተናግሯል። ወንዙ ቆሽሿል። ግን አመዱ ነው ያቆሸሸው የሚል ስሜት ይሰጣል። ዋናው ብክለት የከተማው የፍሳሽ ቆሻሻ ነው። መንግሥት የጋንጀስን የጽዳት ዘመቻ እዚሁ ያስጀመረው በ1986 ነው፤ ሥራው አሁንም አላለቀም። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ የቪር ባድራ ሚሽራ ታሪክ ነው። የዚያው የሳንካት ሞቻን ቤተ መቅደስ አለቃ ነበሩ። በሙያቸው ደግሞ በባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምህንድስና ፕሮፌሰር። ጠዋት እንደ አማኝ ወንዙ ውስጥ ይጠመቃሉ፤ ቀን እንደ ሳይንቲስት ያንኑ ውኃ ያስመረምራሉ። በ1982 ድርጅት አቋቁመው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2013፣ ስለ ወንዙ ጮኹ። ቆሻሻውን ያነሳ ጽሑፍ እሳቸውንም ማንሳት ነበረበት።

ስለ ትልቁ መቅደስ፣ ስለ ካሺ ቪሽዋናት፣ ብዙ አልልም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ስልክ፣ ካሜራና ቦርሳ ውጭ ይቀራል። ጫማ ይወልቃል። ንጉሥ አውራንግዜብ በ1669 አፍርሶት በቦታው መስጊድ ቆመ። አሁን ያለውን መቅደስ ከመስጊዱ አጠገብ ንግሥት አሂልያባይ ሆልካር በ1780 አሠራችው። ጉልላቱን በወርቅ ያስለበጠው የሲኮቹ ንጉሥ ራንጂት ሲንግ ነው። በ2021 ዙሪያው ተጠርጎ ወደ ወንዙ የሚወስድ ሰፊ አደባባይ ተመረቀ። ለተሳላሚው እፎይታ ነው። ግን ለዚያ ሲባል በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች ተነስተዋል። እኔ ከአደባባዩ ይልቅ የቀሩትን ጠባብ መንገዶች እወዳለሁ። ሰውና ላም ተራ ጠብቀው የሚተላለፉባቸው ናቸው።

ማታ ዳሻሽዋሜድ ጋት ሂዱ። ፀሐይ እንደገባች ወጣት ካህናት ተሰልፈው ባለ ብዙ ፎቅ የነሐስ መብራት እያዞሩ፣ ቀንደ መለከት የሚመስል ዛጎል እየነፉ ወንዙን ያወድሳሉ። ሕዝቡ በጭብጨባ ያጅባል። ነፃ ነው። ይሄኛውን ፎቶ አንሱት፣ ማንም አይከፋውም።

አንድ ቀን ደግሞ ለሳርናት ስጡ፤ ከከተማው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡድሃ የመጀመሪያ ስብከቱን ያሰማበት ቦታ ነው። ዳሜክ የሚባለው ክብ ሕንጻ ከ30 ሜትር በላይ ቁመት አለው። ከቲቤት፣ ከስሪላንካ፣ ከጃፓን የመጡ መነኮሳት በየራሳቸው ዜማ እየጸለዩ ይዞሩታል። ሩፒ ኖቱ ላይ ያሉትን አንበሶች አይታችኋቸዋል? ኦሪጂናሉ እዚያ ሙዚየም ውስጥ ነው። ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ካቆመው ዓምድ ጫፍ ላይ የነበረ ነው። በቁፋሮ የወጣው በ1905 ሲሆን፣ ከ1950 ጀምሮ የሀገሪቱ ዓርማ ሆኗል። ድንጋዩ እስካሁን እንደተወለወለ ነው፤ ያበራል። ሙዚየሙ ዓርብ ዝግ ነው።

ስለ ጊዜው፦ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ጥሩ ነው። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ለታማሚ አይሆንም። በክረምቱ ወንዙ ሞልቶ ደረጃውን ይውጠዋል፤ ከጋት ጋት በእግር መሄድ አይቻልም፣ ጀልባም ይታገዳል። በታኅሣሥና በጥር ጉም ባቡር ያዘገያል፤ በዚያ ላይ የአውሮፕላን ቀጠሮ አትደርቡበት። ጀልባ ስትይዙ ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ምግቡ ብዙው ሥጋ የለውም፤ ጾመኛ ግን ይጠይቅ፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ነገር ጥቂት ነው። ጠዋት ጠዋት ካቾሪ የሚባለውን ትኩስ የተጠበሰ ቂጣ ከድንች ወጥ ጋር ብሉ። ሻዩ በሸክላ ስኒ ነው የሚመጣው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሐዘንተኛ ፊት የሚታይበትን ፎቶ ዳግመኛ እንዳታወጡ፤ በድረ ገጻችሁ ላይ ያለውንም እንድታነሱት። ሁለተኛ፣ ስለዚያች ከተማ ሌላ ገጽ እንድትሰጡ። ስለ ሸማኔዎቹ፣ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ወንዙ ጽዳት ሙግት። እኔ የእንግዳ ዓይን ያየውን ነው የጻፍኩት። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ካሉ፣ ጎርፉንም በዓሉንም እዚያ ኖረው ያዩት እነሱ ናቸውና እባካችሁ ጽፉ በሏቸው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ